ለሳሙራዩ ኖር ማለት

ቢቸና ቤታችን ውስጥ ከአያቴ ጋር የጥንት ሳሙራዮችን ፊልም እናይ ነበር። ጎራዴ የታጠቀው ጃፓናዊ ደጃፍ ላይ ተንበርክኮ እጅ ሲነሳ፣ አባባ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከወንበራቸው ብድግ ይሉና «ኖር!» ይሉታል።

«አባባ፣ ቴሌቪዥን እኮ ነው!» እላቸዋለሁ እየሳቅኩ።

«ቢሆንስ? እጅ የሚነሳን ሰው ተቀምጦ ማየት ነውር ነው።»

መልስ ካላገኙ ደግሞ አይቀመጡም። በሳሙራዩ ፈንታ እኔ «በእግዜር!» ስላቸው ነበር ቁጭ የሚሉት።

የአርባቸው ተዝካር ካለፈ በኋላ ያንኑ ፊልም ብቻዬን ከፈትኩት። ሰውየው መጣ፤ ተንበርክኮ እጅ ነሳ። ማንም አልተነሳለትም። አላስችል ቢለኝ እኔው ብድግ ብዬ «ኖር!» አልኩት። «በእግዜር» የሚለኝ ግን አልነበረም። እንደቆምኩ ፊልሙ አለቀ።