በመቀስ የተገኘ መሃል

በሥራዬ ብዙ ክፉ ነገር አይቼ በረጋ ቃል ዘግቤያለሁ። ያን ሥዕል ሳስታውስ ግን እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ቁጣዬን ልያዘውና የሆነውን ልናገር።

ጋዜጠኛ ከመሆኔ በፊት አሰላ ውስጥ አማርኛ አስተምር ነበር። ከሥዕል መምህሩ ጋር አንድ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። እሱ ለትምህርት ቤቱ አዳራሽ የአውራጃውን ገዥ እንዲስል ታዘዘና ክረምቱን ሙሉ ለፋበት። ከጭላሎ ተራራ ሥር፣ በገበያ ቀን፣ ገዥው ወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ወደ ባላገሮች ዘርግተዋል፤ አቤቱታ ሊቀበሉ።

ገዥው መሃል ላይ አልነበሩም፤ ወደ ግራ ፈቀቅ ብለዋል። ለምን እንደሆነ በክር ለክቶ አሳየኝ።

"ትንሹ ክፍል ለትልቁ ያለው ልክ፣ ትልቁ ለጠቅላላው ካለው ልክ ጋር እኩል ነው። ወርቃማው ክፍፍል ይሉታል። ዓይን መሃል ላይ ይተኛል፤ እዚህ ሲሆን ግን ከሰዎቹ ተነሥቶ እሳቸው ጋ ይደርሳል።"

ዓይኔ እንዳለው ሄደ።

ዳይሬክተሩ ግን ገና ሲያዩት፣ "ገዥን ጥግ? ቤተ ክርስቲያን ገብተህ አታውቅም? ዋናው መሃል፣ ሌላው ዳር ነው!" አሉ።

"ይሄ እኮ ገበያ ነው፣ ጌታዬ" አለ ባልደረባዬ።

ቅዳሜ ሁሩታ ሄደን ሰኞ ስንመለስ ሸራው አጥሯል። ዳይሬክተሩ ገዥውን መሃል ለማድረግ ሲሉ የሸራውን ቀኝ ጎን በልብስ ሰፊ መቀስ አስቆርጠውታል! ሽማግሌው፣ ገብስ ያዘለችው ሴት፣ አቤት ባዮቹ ሁሉ ተቆርጠው ወድቀዋል። በእውነተኛው ገበያም ባላገሩ እንዲሁ ከገዥ ፊት ዘወር ይደረግ ነበር፤ ዳይሬክተሩ የለመዱትን ነው ሸራ ላይ ያደረጉት። ባልደረባዬ ክሩን አውጥቶ የቀረውን ለካ። እኔ ነኝ የጮኽኩት። የሰማኝ የለም።

በሥዕሉ ምረቃ ቀን ገዥው በተገኙበት መጋረጃው ተገለጠ። ከወላጆች መካከል አንዲት እናት በኦሮምኛ ቅላጼ ጮክ ብለው፣ "ውይ! እኝህ ትልቅ ሰው ምን አጥተው ነው እጅ ዘርግተው የሚለምኑት?" አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ገዥው አልሳቁም።

ዳይሬክተሩ ላብ አጥምቋቸው መጡ። "ያን እጅ ዛሬውኑ አውርደው! ጭናቸው ላይ አድርገው!"

"እጁ ምንም አልሆነም። ሰዎቹን ይመልሱልኝ።"

"እምቢ ካልክ ሩቁ ጮሌ ወረዳ ነው የምትዛወረው!"

"እሄዳለሁ።"

ቁራጩን ፈልገን መስተዋቱ በተሰበረው የመጋዘን መስኮት ላይ ተቸንክሮ አገኘነው። የተሳለበት ገጽ ወደ ውጭ ነው፤ የሽማግሌውን ፊት ዝናብ ይገርፈዋል። ባልደረባዬ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ሸራውን ጠቀለለው።

ጮሌ በሚሄደው የጭነት መኪና ላይ ሲወጣ በብብቱ የያዘው ያንን ጥቅል ነበር። አዳራሹ ውስጥ የቀረውን ዞሮም አላየው። የገዥውን እጅ ሌላ ሰው ቀለም ቀብቶ ጭናቸው ላይ አወረደው።