አዮ ጫልቱ የጮኹ ዕለት

ይህ የሆነው ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እኔ ገና አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ። አውሮፕላን ቦምብ ሲጥል አይቻለሁ፣ መንግሥት ወድቆ ሌላ ሲተካም አይቻለሁ። እንደዚያ ቀን ሰውነቴን ውርር ያደረገኝ ነገር ግን የለም። የልጅ ልጄ «ንገሪኝና ልጻፍልሽ» እያለች ስለወተወተችኝ ይኸው እነግራታለሁ።

ባለቤቴ ሰይድ ጨው ነጋዴ ነበር። ሁለታችንም የወሎ ልጆች ነን። ጨው በባቡር አዳማ ይወርዳል፤ ሰይድ በአህያ ጭኖ አዋሽን እየተሻገረ አርሲ ገበያ ላይ ይሸጣል። ምልልሱ ሲበዛበት ከወንዙ ማዶ፣ ከአርሲዎቹ መንደር ጫፍ ላይ ጎጆ ቀለስን። ኦሮምኛውን ቶሎ ለመድኩት፤ ወሬ የምወድ ሰው ነኝ፣ ቋንቋ ሳይኖር ደግሞ ወሬ የለም።

በመንደሩ ቱፋ የሚባል ባለ ብዙ ከብት ነበር። ቁጡ ነው፤ አለንጋ ከእጁ አይጠፋም። እናቱ አዮ ጫልቱ ዓይናቸው ጠፍቶ እሱ ቤት ይጦሩ ነበር። «አዮ» እዚያ አገር «እማማ» እንደማለት ነው። ይጦራሉ ስለተባለ እኔም ይጦራሉ ብዬ አምኜ ነበር።

አንድ ቀን ቅቤ ልገዛ ቱፋ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ቅቤውን ልታመጣ ወደ ውስጥ ስትገባ ከጥጃው ጎጆ ሳል ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ ባይ አዮ ጫልቱ ከጥጆቹ መሀል ፍግ ላይ ተቀምጠዋል። ክንዳቸው ከስቶ ጭራሮ አክሏል። አጠገባቸው ያለው ቅል ደርቋል።

«ማነሽ ልጄ?» አሉኝ።

«የጨው ነጋዴው ሚስት ነኝ፣ አዮ።»

«ውሃ አለሽ?» አሉ።

ደጅ ካለው እንስራ ቀድቼ ሰጠኋቸው። የቱፋ ሚስት ቅቤውን ይዛ ወጥታ አየችኝ። «ቤት ውስጥ አስቸገሩን፣ ያበላሻሉ» አለችና ፊቷን አዞረች። ቅቤውን ተቀብዬ ወጣሁ፤ ያን ሳምንት ግን ቅቤ የነካው ነገር አልወርድልሽ አለኝ።

ለሰይድ ስነግረው «የሰው ቤት ገመና ውስጥ አትግቢ፤ እኛ እንግዶች ነን» አለኝ። እሺ፣ እኛስ እንግዶች ነን። የመንደሩ ወንዶችስ? ሁሉም ያውቃል። ሁሉም ቱፋን ይፈራል። አንድ ቀን ጎረቤቴን ኩለኒን «እናንተ ሴቶቹ ምን ትጠብቃላችሁ?» አልኳት።

«መጀመሪያ የምትጮኸው የተበደለችዋ ናት» አለችኝ ኩለኒ። «አዮን ለምነናቸዋል። ‹ልጄን በአገር ፊት አላዋርድም› ይላሉ።»

እዚህ ላይ ስለ ሲንቄ መናገር አለብኝ። ሲንቄ ቀጥ ያለች ቀጭን በትር ናት። የአርሲ ሴት ስትዳር እናቷ ቅቤ ቀብታ ትሰጣታለች። ከብት አይነዳባትም፣ ሰው አይመታባትም። የሴቲቱ ክብር ናት፤ ወንድ ሲያያት መንገድ ይለቃል። የተበደለች ሴት ሲንቄዋን ይዛ ከጮኸች፣ የሰሙ ሴቶች ሁሉ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በደሏ ሳይካስ አይመለሱም።

አንድ ማለዳ የጥጃው ጎጆ መወርወሪያ ተሰብሮ ኖሮ፣ ቱፋ ተቻኩሎ ማጀት ጥግ ቆማ ያገኛትን በትር መወርወሪያ አድርጎ ዘጋበትና ፈረሱን ጭኖ ወጣ። የእናቱ ሲንቄ ነበረች። አዮ ጫልቱ ለመውጣት በሩን ሲዳብሱ እጃቸው አወቃት። ረሀቡን ችለዋል፣ ፍጉንም ችለዋል። ይችን ግን አልቻሉም። በግርግዳው ቀዳዳ እጃቸውን አሾልከው ሳቧት፤ በእሷው እየተመረኮዙ መንገድ ዳር ወጥተው ጮኹ።

እኔ ዱቄት እየነፋሁ ነበር። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ግን ኩለኒ ሰማች። የምታልባትን ላም ትታ ተነሣችና እሷም ጮኸች። ከሷ ቀጥሎ ከታችኛው ቤት፣ ከዚያ ከጉብታው ማዶ፣ ከዚያ ዓይኔ ከማይደርስበት ቦታ ጩኸቱ እየተቀባበለ ሄደ። ሴቶች ከየቤቱ ሲንቄያቸውን ይዘው ወጡ። አራስ ሕፃኗን ለባሏ አሸክማ ወጣች። የምታበስለውን ጥዳ የወጣች አለች። እኔ ሲንቄ የለኝም፤ በዱቄት እጄ ቆሜ ስቀር ኩለኒ «በሲንቄ ፈንታ እርጥብ ሣር ንጪና ተከተይን» አለችኝ። ነጨሁና ተከተልኩ።

ቱፋ ደጅ ካለው ትልቅ ሾላ ሥር አዮ ጫልቱን መሀል አድርገን ተቀመጥን። ስድብ የለም፣ ድንጋይ የሚወረውር የለም። ጩኸቱን የሰማች ሴት መቅረት አትችልምና የቱፋ ሚስትም ሲንቄዋን ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ መጥታ ከዳር ተቀመጠች። ያን ሳይ እንባዬ መጣ።

መንደሩ ለወንዶቹ ቀረ። ላም የሚያልብ ጠፋ። ጥጃው ይጮኻል፣ ሕፃኑ ያለቅሳል። በጦር ከአንበሳ ጋር ገጥሜያለሁ የሚል ጎበዝ ሁሉ ልጅ ታቅፎ «እሹሩሩ» ሲል ዋለ።

ቀትር ላይ ቱፋ በፈረስ እየጋለበ፣ አለንጋውን ይዞ መጣ። ሴቶቹ ሲንቄዎቻቸውን መንገዱ ላይ አጋድመው ነበር። ፈረሱ ቢዘል በአንድ እርምጃ ያልፋቸዋል። ቱፋ ልጓሙን ሳበ። ያ ሁሉ አገር የሚፈራው ሰው ፊቱ አመድ ሆነ፤ ከፈረሱ ወረደ፤ አለንጋውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ያን ጊዜ ነው እኔን ፍርሃትም ደስታም ያልሆነ ነገር የወረረኝ። ከፊቱ የነበረው ቀጭን እንጨት ብቻ ነው።

ሽማግሌዎች የልመና ምልክት የሆነ እርጥብ ሣር ይዘው ከሩቅ ቆመው ለመኑ። ቱፋ ወይፈን ያርዳል፣ ይቅርታ ይጠይቃል አሉ። ኩለኒ ወደ አዮ ጫልቱ ዞራ «አዮ፣ ምን ይሁንልዎ?» አለች።

«ሥጋውን ጥርስ ያለው ይብላው» አሉ አዮ ጫልቱ። «እኔ የምፈልገው ወንዶቹ ሁሉ እኔ የተኛሁበት እንዲገቡ ነው። ያውቁ ነበር። ገብተው ይወቁት።»

የጥጃው ጎጆ በር ዝቅተኛ ነው፤ በአራት እግር ካልሆነ አያስገባም። ነጭ ሽበት ያላቸው ሽማግሌዎች ዳዴ ብለው ገቡ፣ ፍግ ነክቷቸው ወጡ። ጎበዞቹ ገቡ። የኔው ሰይድም ማንም ሳያስገድደው ተራውን ጠብቆ ገባ። ሲወጣ ዓይኔን ማየት አልቻለም።

በመጨረሻ ቱፋ ገባ። ቆየ። ሲወጣ አልቆመም፤ እንደተንበረከከ እስከ እናቱ ሄዶ ጉልበታቸው ላይ ተደፋ። አዮ ጫልቱ እጃቸውን ልከው ጉንጩን ዳበሱት።

«ከስተሃል፣ ልጄ» አሉት።

ሴቶቹ እልል አሉ። አዮ ጫልቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ ዋናው ቤት እሳት ዳር ተኙ፤ ወተታቸውን የምታቀርብላቸው ያችው የልጃቸው ሚስት ነበረች።

ዛሬ እኔ በአዮ ጫልቱ ዕድሜ ላይ ነኝ። የምኖረው አዳማ ከተማ መሀል፣ በግንብ አጥር ውስጥ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ልጆቼ ደጎች ናቸው፤ ክፉ አላየሁም። በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሞትን ይፈራል ይላሉ። እኔ ሞትን አልፈራም። የምፈራው እንደ አዮ ጫልቱ ክፉ ቀን መጥቶብኝ ብጮህ፣ ላሟን ትታ የምትነሣ ጎረቤት ትኖረኝ እንደሆነ አለማወቄን ነው።