ቀይ ቀለበት ያደረገችው የአርክቲክ ወፍ

ከሆሳዕና የወጣሁበትን ምሽት ስተርክ አንዳንዱን ነገር አዛብቼ ሊሆን ይችላል። እኔ ዝናብ እንደነበረ አስታውሳለሁ፤ እህቴ አበበች ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ የዘነበው በእሷ ሰርግ ዕለት ነው ትላለች። አባቴ ደጃፍ ላይ ቆሞ ረጅም ጸሎት ማድረሱን፣ የሚኒባሱም ሹፌር በአክብሮት ሞተሩን ማጥፋቱን ግን ሁለታችንም እንስማማበታለን። በሻንጣዬ ውስጥ ቆጮ፣ ሁለት ሸሚዝና የዱር እንስሳት አስተዳደር ዲግሪዬ ነበሩ። ቆጮውን ሞያሌ ሳንደርስ ጨረስኩት። ዲግሪው ግን ጆሃንስበርግ ድረስ በሰላም ገባ፤ በመንገድ ላይ የፈለገው ሰው አልነበረም።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ አቢጃታ ሐይቅ ላይ የውሃ ወፎችን በሚቆጥር ፕሮጀክት ተቀጥሬ ነበር። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሥራውም አለቀ። የአጎቴ ልጅ ማቴዎስ ከዳቬይተን፣ ከጆሃንስበርግ ዳር ካለ ሰፈር፣ ደውሎ «እዚህ ሱቅ አለ፣ ና» አለኝ፤ ሄድኩ። በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ በኩል ያለውን መንገድ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁትም ባታውቁት እመርጣለሁ።

እዚያው አካባቢ በቴምቢሳ፣ ማማ ኖምሳ በሚባሉ አሮጊት ግቢ ውስጥ ስፓዛ፣ ማለትም የሰፈር ሱቅ፣ ተከራየሁ። በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኜ ዳቦና ስኳር አቀብላለሁ። ስሜን የሚጠይቅ የለም፤ እዚህ ሐበሻ ባለሱቅ ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» ነው። ብርዱ የሚመጣው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ እንደ እኛ ክረምት ግን ዝናብ አያስከትልም፤ ደረቅ ሆኖ አጥንት ይገባል። ማቴዎስ ያስተማረኝ የመጀመሪያው የሱቅ ሕግ «የለም» አለማለት ነው። «የለም ያልከው ደንበኛ ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ ነገ ያልከው ይመለሳል» ይለኝ ነበር። ስለዚህ ያለቀ ዕቃ ስጠየቅ አፌ ራሱ «ቱሞሮው፣ ማይ ፍሬንድ» ይላል።

በኮቪድ ምክንያት የተጣለው የእንቅስቃሴ ገደብ ሲላላ ማቴዎስን ልጠይቅ ዳቬይተን ሄድኩ። ከሰፈሩ ዳር፣ ሣር የከበበው ጥልቀት የሌለው ውሃ አለ። ከድንቢጥ እምብዛም የማይበልጡ ወፎች ጭቃውን እየወጉ ሲለቅሙ አየሁና ማስኬን ዝቅ አድርጌ ቆምኩ። ሊትል ስቲንት የሚባሉት ነበሩ።

«ሰውዬ፣ ወፍ ልታይ ነው ታክሲ የተሳፈርከው?» አለ ማቴዎስ።

«አውቃታለሁ፤ አቢጃታ ላይ ቆጥሬያታለሁ።»

«ታዲያ ሰላም በላታ፤ ያገር ልጅ ናት።»

«አይደለችም። የምትፈለፈለው አርክቲክ ነው። በእኛ አገር አልፋ ነው እዚህ የምትደርሰው።»

«በእኛ መንገድ ነዋ የመጣችው» አለ ማቴዎስ። «ወረቀት የጠየቃት አለ?»

ከዚያ ቀን በኋላ ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ በስልኬ መፈለግ ጀመርኩ። በዓለም ሰሜን ጫፍ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለአርክቲክ የዱር እንስሳት አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ይፈልግ ነበር። አመለከትኩ፤ ለቃለ መጠይቅም በቪዲዮ ጠሩኝ። ለብዙ ጊዜ ስመኘው ወደቆየሁት ሙያ የሚመልሰኝ ሌላ በር አልነበረም። ለማማ ኖምሳ ነገርኳቸው።

«የበረዶ አገር እንስሳት?» አሉ። «በረዶ ፍሪጅህ ውስጥ አለልህ። እሱም መብራት ሲኖር ነው።»

በቀጠሮው ቀን ግን ባዶ የለስላሳ ሣጥን ገልብጠው ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። የሚመጣውን ሁሉ «ማይ ፍሬንድ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ ስኳር የፈለገ ቆይቶ ይምጣ» እያሉ ሲመልሱ ይሰማኝ ነበር።

በስልኬ ላይ የታዩት ነጭ ፀጉር ያላቸው ሴት ፕሮፌሰር ናቸው። ከበስተኋላቸው በመስኮቱ በኩል በረዶ ይታያል፤ ከበስተኋላዬ የሳሙናና የሰርዲን መደርደሪያ አለ።

«ከአርክቲክ ጋር ምን ያገናኝሃል?» አሉኝ።

«በረዶ ሲወርድ አይቼ አላውቅም» አልኩ። «ነገር ግን የእናንተ ወፎች የዓመቱን ገሚስ የሚኖሩት እኛ ዘንድ ነው።» ስለ አቢጃታና ስለ ዳቬይተኑ ውሃ ተረክሁ። ቀጥሎም፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቀው፣ አቢጃታ ላይ አንዲት ሊትል ስቲንት በቀኝ እግሯ ቀይ ቀለበት አድርጋ ማየቴን ጨመርኩ።

ፕሮፌሰሯ ወደ ስክሪኑ ቀረቡ። «ወፎቹን ለመከታተል እግራቸው ላይ ቀለበት ማሰር የእኛ ቡድን ሥራ ነው። እርግጠኛ ነህ? ፎቶ አለ?»

«ቱሞሮው፣ ማይ ፍሬንድ» አልኩ።

ደነገጥኩ። እርሳቸው ሳቁና «መልካም፣ ነገን እጠብቃለሁ» አሉ።

ወዲያው ወደ ፍሬሕይወት ደወልኩ፤ በዚያ ፕሮጀክት አብራኝ የቆጠረች ጓደኛዬ ናት።

«ፎቶ ማንሳቴ ትዝ ይለኛል» አለች። «ስለ ቀለበቱ ግን አልምልም። የድሮው ስልኬ ባቱ ከተማ፣ ወንድሜ ጋ ነው፤ ስልኩም ተበላሽቷል። ላሠራው እሞክራለሁ። አሁን ሐይቁ ዳር ነኝ።»

«ውሃው እንዴት ነው?»

«ሸሽቷል። ድሮ ከምንቆምበት ብዙ ትሄዳለህ።»

እባክሽ ትንሽ ዝም በዪ አልኳት። ዝም አለች፤ ነፋሱንና የወፎቹን ጩኸት አዳመጥኩ።

በማግስቱ ፎቶ አልደረሰኝም። ለፕሮፌሰሯ፣ ቀለበቱን ያየሁ እንደሚመስለኝ፣ ነገር ግን እርግጠኛ እንዳልሆንኩና ማስረጃ እንደሌለኝ ጻፍኩ። ማቴዎስ ሲሰማ ራሱን ያዘ። «አንድ ቀን ዝም ብትል ምን ነበረበት? የለም ይባላል?»

የፕሮፌሰሯ መልስ ግን «ቦታውን ሰጥተንሃል» የሚል ነበር። ድንበሮች ስለተዘጉ የመጀመሪያውን ዓመት በኢንተርኔት እማራለሁ፤ ማማ ኖምሳ በትምህርቴ ሰዓት የሚቀመጡበት ሣጥንም ደጃፉ ላይ እንዳለ ነው። ለቀጣዩ ዓመት የጉዞ ሰነድ ያስፈልገኛል፤ ሰነዱን የሚሰጠው ቢሮም በኮቪድ እንደተዘጋ ገና በሩን አልከፈተም። በሚያዝያ ዳቬይተን ስሄድ ወፎቹ ውሃውን ለቀው ነበር። መንገዳቸውን አውቀዋለሁ፤ በአባቴ ደጃፍ ሰማይ በኩል ያለፉም ይኖራሉ።

ፍሬሕይወት ፎቶውን የላከችልኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ ስልኩ ተሠርቷል። አጉልቼ አየሁት፤ ለማቴዎስም አሳየሁት፤ ለፕሮፌሰሯም ላክሁላቸው። እግሩን ተሳስቼ ነበር፤ ግራ ነው። ቀለበቱ ግን አለ፤ ቀይም ነው።