«አጣርቻለሁ» ያልኩ ቀን

ቤታችን ቡራዩ ነው፤ የተማርኩበት የመምህራን ኮሌጅ ደግሞ ሰበታ። በካርታ ሲያዩዋቸው ጎረቤት ይመስላሉ። በታክሲ ሲሄዱ ግን አዲስ አበባን ሰንጥቆ፣ ሦስት ጊዜ ተሰልፎ፣ ሦስት ጊዜ «ጠጋ በሉ» ተብሎ ነው የሚደረሰው። በዚያ ሁሉ ሰልፍ ውስጥ ስልኬ ላይ የማላነበው ነገር አልነበረም። ክፋቱ፣ ያነበብኩትን ሁሉ አምን ነበር።

የመጨረሻው ዓመት ላይ፣ ለክፍል የሚሆን ነገር ከኢንተርኔት እንዴት እንደሚመረጥ የሚያስተምሩን አንዲት መምህር መጡ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሲቆጡ ደግሞ ይባስ ዝቅ የሚል ሴት ነበሩ። መጀመሪያ የሰጡን የቤት ሥራ ቀላል ነበር።

«የምታምኑትን አንድ ድረ ገጽ ይዛችሁ ኑ» አሉን። «ለምን እንዳመናችሁት ክፍሉ ፊት ቆማችሁ ታስረዳላችሁ።»

የሳይንስ መምህር ልሆን ስለነበር ስለ ዓይን የሚናገር ድረ ገጽ ፈለግሁ። ዓይንን የመረጥኩት በአባቴ ምክንያት ነው። አባቴ ግላኮማ አለበት፤ የዓይኑ ግፊት ይጨምርና እይታውን ከዳር ከዳር እየበላ ይመጣል። ሐኪሙ ያዘዘለትን ጠብታ በየቀኑ ካላደረገ ይብስበታል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ዋና ሥራው እኔን ማወደስ ሆነ። ገና ሳልመረቅ ሰፈሩን ሁሉ እየዞረ «መምህሯ ልጄ» እያለ ያስተዋውቀኝ ነበር። እኔም እንደማፍር ሆኜ ደስ እያለኝ እሰማ ነበር።

ያገኘሁት ድረ ገጽ ያማረ ነበር። አማርኛው አንድ ግድፈት የለውም። ነጭ ጋዋን የለበሰ ዶክተር እጆቹን አጣምሮ ፈገግ ብሏል። ከግርጌው ደግሞ ክብ፣ ሐምራዊ፣ ትንሽ ዘመም ያለ ማህተም ተመትቶበታል። እዚህ አገር ላደገ ሰው ማህተም ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። መታወቂያ ለማውጣት ማህተም፣ ትምህርት ቤት ለመቀየር ማህተም፣ የእድር ደብዳቤ እንኳ ያለ ማህተም ተቀባይ የለውም። ስንት ቀን ማህተም ያዥው ስብሰባ ገብቷል ተብዬ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ማህተም ያለው ድረ ገጽ ሳገኝ ለእኔ ነገሩ እዚያው አለቀ።

ጽሑፉ የሚለው፣ አንድ ቅጠል አፍልቶ የሚጠጣ ሰው ከዚያ በኋላ የዓይን ጠብታ አያስፈልገውም ነው። ቅጠሉ ደግሞ አጥራችን ሥር እንደ ልብ የሚበቅል ነው። ጠዋት ቁርስ ላይ ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

«እውነት ነው እንዴ ይሄ ነገር?» አለኝ።

«አጣርቻለሁ አባዬ፣ ማህተም ሁሉ አለው» አልኩትና ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

ክፍል ውስጥ ድረ ገጼ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ተዘርግቶ፣ እኔ ከጎኑ ቆሜ እንደ ሙሽራ አጃቢ አሞገስኩት። ማህተሙ ጋ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። የክፍሉ ግማሽ ራሱን በመስማማት ነቀነቀ፤ እነሱም ያው የማህተም ልጆች ናቸው።

«ማህተሙ የማን ነው?» አሉ መምህራችን።

«የድርጅቱ ነዋ፣ ቲቸር።»

«የትኛው ድርጅት?» ድምፃቸው ዝቅ ማለት ጀመረ።

ኮምፒውተሩ ጋ የተቀመጠችው የሱሉልታ ልጅ፣ የቅርብ ጓደኛዬ ናት። ልትረዳኝ ብላ ማህተሙን አጎላችው። አሁንም አጎላችው። በክቡ መሃል ያለው ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ «ተከፍሏል» ይላል። ከአንድ ደረሰኝ ላይ ተቆርጦ የተለጠፈ ማህተም ነበር።

«ዱጋዳ?» አለች ጓደኛዬ። በጣም ሲገርማት «እውነት ነው?» የምትለው በኦሮምኛ ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

መምህራችን ግን አልሳቁም። «ቡራዩ ቤት ልትከራዪ ሄድሽ እንበል» አሉኝ። «ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ማንን ትጠይቂያለሽ? አከራዩን?»

«ተከራዮቹን» አልኩ።

«ለምን?»

«አከራዩማ በየቀኑ ይመጣል ነው የሚለኝ።»

«ድረ ገጽም እንደዚያው ነው። ስለ ራሱ የሚለውን ተዪና ውጪ፤ ስለ እሱ ሌሎች ምን እንደሚሉ ጠይቂ።»

እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ከድረ ገጹ ወጥተን ጠየቅን። የዶክተሩን ፎቶ ስንፈልገው አንድ ቦታ የጥርስ ሐኪም ሆኖ፣ ሌላ ቦታ አፓርታማ ሲሸጥ አገኘነው። ድረ ገጹ ራሱ ወደ ታች ሲወርዱበት የቅጠሉን ዱቄት በፓኬት ይሸጣል። የዓይን ሐኪሞች የጻፉትን ስናነብ ደግሞ ስለ ቅጠሉ ምንም የለም፤ ጠብታን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ዓይን እንደሚያሳጣ ሦስት ቦታ ላይ ተጽፏል። ይህንን በገዛ ድምፄ ለክፍሉ ያነበብኩት እኔ ነኝ።

ማታ ቤት ስገባ አባቴ በር ላይ ጠበቀኝ። «እንዴት ሆነልሽ?» አለኝ።

«ጥሩ ነበር» አልኩት። ጠዋት እንደዚያ ተኮፍሼ ወጥቼ፣ ማታ የተሳቀብኝን ማውራት አልሆንልሽ አለኝ። ነገ እነግረዋለሁ ብዬ ተኛሁ፤ በነጋታው ረሳሁት።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ሰው ማንም አልወደደውም። ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ሰዎች አንድ ወሬ ሲቀባበሉ ዘወር ብዬ «ምንጩ ማነው?» እላለሁ። የዘመዶቻችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አክስቴ የላከችውን ሁሉ እየፈተሽኩ «ይሄ የቆየ ፎቶ ነው»፣ «ይሄ እዚህ አገር የሆነ አይደለም» እያልኩ ስመልስባት፣ አንድ ቀን ከግሩፑ አስወጣችኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ስሜን ትታ «ተከፍሏል» እያለች ትጠራኝ ጀመር። ግድ አልሰጠኝም። ከክፍሉ አንደኛ ውጤት ያገኘሁት በዚያ ትምህርት ነው።

የማስተማር ልምምድ ሲደርስ ሱሉልታ ተመደብኩ። ከቡራዩ መመላለሱ ስለማይሞከር ሁለት ወር ሙሉ የጓደኛዬ ወላጆች ቤት ተቀመጥኩ። የሱሉልታ ብርድ ጠዋት ጠዋት ጠመኔ አያስይዝም፤ ልጆቹ ግን ግሩም ነበሩ። አንድ ክፍለ ጊዜ ወስጄ ያንኑ ድረ ገጽ አሳየኋቸው፤ ማህተሙን ራሳቸው እንዲያጎሉት አደረግሁ። ሲደርሱበት ጠረጴዛ እየደበደቡ ሳቁ። የገመገመኝ ሰው ደብተሩ ላይ «በጣም ጥሩ» ብሎ ጻፈልኝ። አባቴ በየሁለት ቀኑ ይደውላል። ዓይኑን ስጠይቀው «ደህና ነው፣ አንቺ ብቻ አስተምሪ» ይለኛል፤ እኔም ተማሪዎቼን ማውራት እቀጥላለሁ።

ቤት የተመለስኩ ቀን አባቴ ሊስመኝ ሲመጣ ትከሻው ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ። ያንን በር ሃያ ዓመት ገብቶ ወጥቶበታል። ሻይ ሲቀዳልኝ የስኒውን ዳር ስቶ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰው፤ «እጄ ነው» አለና ሳቀ። ምድጃው ላይ አንዲት ማሰሮ ተጥዳለች። ክዳኗን ሳነሳ ያ ቅጠል ነው። ጠብታው የሚቀመጥበትን መሳቢያ ሳብኩት፤ ስሄድ ገዝቼ ያስቀመጥኩለት ሁለቱም ጠርሙስ እንደታሸገ ነው።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ አባቴን አልተቆጣውም፤ እንዲያውም ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከግራ ዓይኑ ዳር የሄደው እይታ እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን ጠብታውን ሳያቋርጥ ካደረገ ማቆየት እንደሚቻል ረጋ ብሎ ነገረን። አባቴ ሥራ እንደተሰጠው ሰው «እሺ፣ እሺ» እያለ ሰማ።

ወደ ቡራዩ ስንመለስ ታክሲው ውስጥ በግራው ተቀመጥኩ። አሁን የማያይበት ጎኑ ስለሆነ ፊቴን አያየውም። ስልኬን አውጥቼ ያንን ገጽ ከፈትኩት፤ ማህተሙንም አጎላሁት።

«አባዬ፣ ይሄ ማህተም ውሸት ነው» አልኩት። «‹ተከፍሏል› ነው የሚለው። ያነበብኩልህ ቀን ነው ያወቅሁት። አፍሬ ሳልነግርህ ቀረሁ።»

ስልኩን ተቀብሎ ዓይኑ ሥር አስጠጋው፣ አራቀው፣ ወደ ቀኝ አዙሮ ሞከረው፤ ከዚያ መለሰልኝ።

«እኔ ያኔም አላየሁትም» አለ። «ይቺን የምታህል ነገር የማይበት ዓይን መች አለኝ። አጣርቻለሁ ስትይኝ ሰማሁ፤ ያመንኩት አንቺን ነው።»

አልተቆጣም፤ የሆነውን ነው የነገረኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ረዳቱ መውረጃችን አሸዋ ሜዳ መድረሳችንን ተናገረ። ቀድሜ ወርጄ እጄን በቀኙ በኩል ዘረጋሁለት፤ ያዘኝና ወረደ።