የምንይሉ ሾትገን ለምን ከሸፈ

ምንይሉ ክፉ ሰው ነው የሚል ባሕር ማዶ ሐበሻ በሚነግድበት በፌርፋክስ ጎዳና አንድም አይገኝም። ተጠራጣሪ ነው፤ በቃ። በርበሬና ሽሮ በሚሸጥባት ጠባብ ሱቁ ውስጥ አራት ካሜራ ሰቅሏል፤ አራተኛው ሦስቱን ካሜራዎች ነው የሚጠብቀው። የሚስቱ እህት ልጅ ደውላ «ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» ስትለው እንኳ «ምነው፣ ምን ሰማሽ?» ይላታል። ሰው ሲስቅበት መልሱ አንድ ነው፦ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ!»

ባለፈው መስከረም ከሱቁ ሁለት በር አለፍ ብሎ ያለው የሔርሜላ ጌጣጌጥ ቤት በጠራራ ፀሐይ መስታወቱ ተሰብሮ ተዘረፈ። ምንይሉ ያን ቀን ምሳ አልቀመሰም። «ቀጥሎ እኔ ነኝ» አለና መሣሪያ ለመግዛት ቆረጠ። ሚስቱ ውብነሽ «በስመ አብ! እኔ ቤት መሣሪያ?» ብላ አማተበች፣ ለመነች፣ አኮረፈች። ማን ሊሰማት! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

መሣሪያ ሻጭ ዘንድ የወሰደው ጁነይድ ነው። ጁነይድ ከመንገዱ ማዶ ሻንጣ የሚሸጥ የወሎ ሰው ሲሆን የሃያ ሁለት ዓመት ወዳጁ ነው። ድሮ ዳውንታውን የመኪና ፓርኪንግ አብረው ሲሠሩ በረመዳን ማምሻ ምንይሉ የሱን ሺፍት ይሸፍን ነበር፣ በፋሲካ ደግሞ እሱ የምንይሉን። ጁነይድ በወጣትነቱ ወታደር ስለነበር መሣሪያ ያውቃል። ፎርሙን አብሮት ሞላ፣ ፈተናውን አስጠናው፤ ሕጉ የሚለውን አሥር ቀን ጠብቀው ቀለሃውን ራሱ ጥሎ ራሱ የሚጎርስ አዲስ ሰሚ አውቶማቲክ ሾትገን ይዘው ወጡ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ተኩስ መለማመጃ ሄዱ። ሃያ አምስት ጥይት ተኮሰ፤ ሃያ አምስቱም እንደ ውሃ ወረደ። ምንይሉ ግን የሚተማመንበት መሆኑን ሳያረጋግጥ ሱቅ አያስገባውም። ባልድዊን ሂልስ ኮረብታ ላይ ባለው ቤቱ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የብረት ሣጥን አስገጥሞ ቆለፈበት፤ ቁልፉም ከሱሪው ኪስ አይለይም።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ስድስተኛውን ሲተኩስ ቀለሃው ሳይወጣ መሐል ላይ ተነከሰ። ጎትቶ አወጣው። ዘጠነኛውም ተነከሰ። «አዲስ ዕቃ ነው፣ እስኪፍታታ ነው» አለ ጁነይድ። ጠንከር ያለ ጥይት ገዙ። በሚቀጥለው ሳምንት ከሁለት አንዱ ከሸፈ። ሻጩ ዘንድ ቢደውል «ዘይት ቀባው» አለው፤ ከላይ ከላዩ ቀባው፤ ባሰበት።

እንግዲህ እንቅልፍ የለም። አንድ ሌባ በሩን ሰብሮ ሲገባ፣ ምንይሉ ቃታ ሲስብ፣ ሾትገኑ ቀጭ ብሎ ሲቀር፣ ሌባው ሲስቅበት ይታየዋል። ሞቱን በገዛ ገንዘቡ የገዛ መሰለው። ማነው እዚህ ውስጥ እጁን የከተተው? ሻጩን ማን አመጣው? ጁነይድ። ጥይቱን ማን መረጠ? ጁነይድ። ሁለተኛው ቅዳሜ ሽንት ቤት ሲገባ መሣሪያውን ማን ይዞ ቆየ? ኤድያ፣ ምን ይጠየቃል!

ቤት ገብቶ ይህንኑ ለውብነሽ ያወራል። «ጁነይድ ነው፤ ከውስጡ አንድ ነገር ፈትቶበታል።» እሷ አንገቷን ትደፋለች። ሲሰነብት እራት ላይም ጁነይድ፣ ቁርስ ላይም ጁነይድ ሆነ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ሰው ጢም ብሎ በሞላበት ምግብ ቤት ውስጥ፣ ጁነይድ እንደ ልማዱ ሳቅ እያለ መጥቶ አጠገቡ ሊቀመጥ ወንበር ሳበ። ምንይሉ እጁን አልዘረጋለትም።

«ሻጩ ስንት ሰጠህ?»

«ለምኑ?»

«አሮጌውን አዲስ ብለህ ስላሸከምከኝ ነዋ!»

ጁነይድ «ትቀልዳለህ አይደል?» አለ፤ ሳቁ ግን ፊቱ ላይ ደርቋል።

«አልቀልድም! ሌባ እንኳ ከፊት ለፊት ይመጣል። ይሄ መሣሪያ አንድ ቀን ይስተካከላል፤ ያኔ እኔና አንተ እንተያያለን!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጁነይድ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ። «ሃያ ሁለት ዓመት፣ ምንይሉ» አለና ምሳውን ሳያዝዝ ወጣ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲተያዩ አንዱ ስልኩን ያያል፣ ሌላው ሰማይ።

ምንይሉ ሳምንት ቆይቶ ግሌንዴል በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ ሽማግሌ አርመን መሣሪያ ጠጋኝ አገኘ። ሰውየው እጅ የሚይዘውን የፊተኛውን እንጨት ፈታና መነጽሩን አወረደ። ከእንጨቱ ሥር ያለው ብረት በዝገት ቀልቷል። ጥይት በተተኮሰ ቁጥር ወዲያና ወዲህ መንሸራተት ያለበት ቀለበት ዝገቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል ማለት ነው። «ባሕር ዳርቻ ነው የምትኖረው?» አለው። አይደለም። «እንግዲያው አንድ ሰው ውሃ እያፈሰሰበት ነው። አንድ ቀን አይደለም፤ ደጋግሞ ነው።» ፈግፍጎ፣ ወልውሎ፣ በወጉ ዘይት ቀብቶ መለሰለት። በአሥር ጥይት ሞከሩት፤ አንዱም አልከሸፈ።

ምንይሉ እየከነፈ ቤቱ ገባ። «ውሃ ነው! ውብዬ፣ ያ ከሐዲ ውሃ አፍስሶበታል! አላልኩሽም?»

ውብነሽ የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑን ነሽ?»

«ጠበል ነው። ሻወር ስትገባ ቁልፉን ከሱሪህ እያወጣሁ በየጧቱ እረጨው ነበር። ሰው እንዳትገድልብኝ ብዬ ነው። መጀመሪያ ጠብ ጠብ ነበር የማደርገው። ጁነይድ ጁነይድ ማለት ስትጀምር ዓይንህ አስፈራኝ፤ ከዚያ ወዲህ ጠርሙሱን ነው የምገለብጠው፤ ላዩን ጠርጌ እመልሰዋለሁ።»

«ሲከሽፍ እየሰማሽ?»

«ሲከሽፍማ ጸሎቴ ደረሰ ብዬ እልል ነበር የምለው! ዝገት መቼ መጣልኝ?»

ሻጩን፣ ጥይት ፋብሪካውን፣ ጁነይድን የጠረጠረ ሰው አጠገቡ የምትተኛዋን አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠረም። መቆጣት አማረው፤ ቁጣው ግን አልመጣለትም። የመጣው እፍረት ነው። ያ የተመለሰ ወንበር ትዝ አለውና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ምን አደረግኩት! እግሩ ላይ ነው የምወድቀው» አለ፤ «አሁኑኑ።»

ሾትገኑን ቤት ትቶት እንዳይሄድ ጠበል አለ። መኪና ውስጥ እንዳይተወው ሌባ አለ። ጁነይድ በሚያውቀው ረጅም ቦርሳ ከትቶ ትከሻው ላይ አነገተውና ቁልቁል ድራይቭ አድርጎ ፌርፋክስ ላይ ፓርክ አደረገ። «ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ» የሚለውን በልቡ እየደጋገመ መንገዱን ተሻገረ። እግሩ የሚቸኩለው ይቅርታው አፉ ላይ እንዳይጠፋበት ነው።

ጁነይድ በሱቁ መስታወት ውስጥ አየው። ሴት ልጁ ሪሀና ባንኮኒው ጋ ቆማ ሻንጣ ትወለውላለች። ጁነይድ ሮጦ መጥቶ በሩን ከውስጥ ቆለፈና ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ።

«ምንይሉ፣ በአላህ! ልጄ እዚህ አለች!»

«አይደለም! ይቅርታ ልጠይቅህ ነው!» አለ ምንይሉ። በወፍራሙ መስታወት ውስጥ ድምፁ አይሰማም፤ የሚታየው አፉን ከፍቶ የሚጮህ ሰው ነው። እንዳይፈራ ብሎ ቦርሳውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ሊያስቀምጠው ጎንበስ አለ።

ያኔ ጁነይድ ዘሎ ልጁን በሰውነቱ ሸፍኖ ወለሉ ላይ ወደቀ።