የጡሩምባው ዝምታ

ጡሩምባው የሚሉት ዕድሜውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና መኪና ሲጠግን የጨረሰ ሰው ነው። እዚያ ካልጮኹ የሚሰማ አልነበረም። ጡረታ ሲወጣ መፍቻውን አስረከበ እንጂ ጩኸቱን የተቀበለው የለም። ጨው አቀብይኝ ሲል ሰፈሩ በእሳት የተያያዘ ይመስላል።

ፋብሪካው ተዘግቶ መኖሪያ ሲሆን፣ ለእሱና ለሚስቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ደረሳቸው። ታች ሱቅና ልብስ መስፊያ፣ ላይ መኖሪያ፣ ጣራው ላይ ከፀሐይ መብራት ማመንጫ። የአርክቴክቱ ኩራት ግን ከምድር ቤት እስከ ጣራ የተዘረጋው የነፋስ መንገድ ነበር። ያለ መብራት ቤቱን ሁሉ ያቀዘቅዛል ተባለ፤ እውነትም አቀዘቀዘ። የጡሩምባውንም ድምፅ ለየቤቱ አደለ።

የታችኛዋ ልብስ ሰፊ ከሰሰች። የነዋሪዎቹ ኮሚቴም አንድ ቅሬታ ከተደገመ ቤቱን ትለቃላችሁ አለ። ጡሩምባው ከዚያው ግቢ ሁለተኛ ጊዜ ሊሰናበት ነው። በሹክሹክታ ልናገር ብሎ ቢሞክር ሹክሹክታው ጎረቤት ቀሰቀሰ።

መላው ከሚስቱ መጣ። እሷም የፋብሪካው ሸማኔ ነበረች። ሴቶቹ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል በከንፈርና በእጅ ያወሩ ነበር፤ እሱም በዚያ ሲያሙት ስለኖሩ ቋንቋውን አሳምሮ ያውቀዋል።

"ድምፅህን ዋጠውና እንደነሱ አውራ" አለችው።

በቃ፣ ተያያዙት። ልጃቸው ከሚስቱ ተኳርፎ ስለነበር፣ ጥፋቱ የማን ነው የሚለው የየዕለቱ ጭቅጭቅ ሳይቀር በእጅ ሆነ። ጡሩምባው ተናዶ አምፖል ሰበረ እንጂ ትንፍሽ አላለም።

በሳምንቱ ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች በራቸውን አንኳኳች። አለቀልን አለ በልቡ።

"ጋሼ፣ ክሱን አንስቻለሁ" አለችው።

"ምነው?" አለ ጡሩምባው፣ እንደምንም ድምፁን አፍኖ።

"ሥራ አልገፋ አለን። ምራትዎ ቅዳሜ ለእርቅ ትመጣለች ሲሉ ሰምተን ነበር። ከዚያ ወዲያ ድምፅዎ ጠፋ። ሴቶቹ ሁሉ መርፌ ይዘው ቁጭ ብለዋል። መጣች ወይስ ቀረች?"

ጡሩምባው ሚስቱን አያት። እሷም በከንፈሯ ብቻ፣ ንገራት አለችው።

"ታርቀዋል" አለ፣ በድሮው ድምፁ።

ከታች ከልብስ መስፊያው "ተመስገን" ሲሉ ተሰማ።