ሙዝ ያፈራው የብረት እንሰት

ብየዳ ቤት የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን በለቅሶ ነው ያለቀው። ዲላ ገበያ ዳር የሚሠራው አለቃዬ ጋሽ ደምሴ «ይህን የብረት ቱቦላሬ ያዝ፣ ብልጭታውን ግን እንዳታይ» አለኝ። አየሁት። ዐይኔ በርበሬ የገባበት ይመስል ነደደ። እናቴ ድንች ቆራርጣ ዐይኔ ላይ ስታስርልኝ ያየ ጎረቤት ዕውር ሆነ ብሎ ሊጠይቀኝ መጣ።

በማግስቱ ጋሽ ደምሴ አንድ ያለቀ በር ፊት አቆመኝ። ክፈት አለኝ፣ ከፈትኩ። ዝጋ አለኝ፣ ዘጋሁ። «ምን ተማርክ?» ሲለኝ «ምንም» አልኩት። «በር ማለት የሚከፈት ነገር ነው። ጌጡ ኋላ ይደርሳል» አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ይሄም ትምህርት ተብሎ ነው ወይ ብዬ በሆዴ ታዘብኩት።

ከረዳትነት ወደ ቆራጭነት፣ ከቆራጭነት ወደ በያጅነት አደግኩ፤ ኋላም የራሴን ብየዳ ቤት ከፈትኩ። ከጪጩ እስከ ወርቃ በር ሰቅያለሁ። ደንበኛ የማያመጣው ሐሳብ የለም። አንዱ የሚስቅ አንበሳ ሥራልኝ አለኝ። «አንበሳ ሲስቅ አይተህ ታውቃለህ ወይ?» አልኩት። «ጎረቤቴ የሚቆጣ አሠርቷላ፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ። ሠራሁለት። የታመመ ውሻ መሰለ፤ ሰውዬው ግን መርቆኝ ሄደ።

የራሴ ግቢ በር የዛገ ቆርቆሮ ነበር፤ የሚታሰረውም በገመድ ነው። ባለቤቴ አልማዝ በዚህ ነገር ስታበግነኝ ኖራለች። ልጃችን ሜሮንን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ከጪጩ እንደሚመጡ ሲሰማ ግን ቀልዱ ቀረ። «ሽማግሌ በዚህ ቆርቆሮ ከገባ እኔ ወንድሜ ቤት ነኝ» አለችኝ። በዚያው አፏ ሌላ ትእዛዝ ጨመረች፦ «በመጀመሪያው ቀን እሺ እንዳትል። ልጅ የከበደችን ይመስላል። አስገባቸው፣ አስተናግዳቸው፣ ቀጠሮ ስጣቸው።»

ለሰው ስሠራ ሐሳቡ የሰው ነው። ለራሴ ልሥራ ብዬ ስቀመጥ ጭንቅላቴ ባዶ ሆነ፤ አፈርኩም። ሜሮን አየችኝና ስልኬ ላይ ኤ አይ የሚሉትን ጫነችልኝ። «አባዬ፣ የምትፈልገውን ንገረው፤ ሥዕል ይሰጥሃል» አለችኝ።

እንሰት ያለበት የግቢ በር አልኩት። የጌዴኦ ሰው ደጅ ላይ ሌላ ምን ይቆማል? «ድንቅ ሐሳብ ነው» አለና ሙዝ ያንጠለጠለ እንሰት ላከልኝ። «እንሰት እንዲህ ዓይነት ሙዝ አያፈራም» ብዬ ጻፍኩ። «ልክ ነህ፣ ይቅርታ፣ ግሩም አስተውለሃል» አለና ሙዙን እጥፍ አደረገው። ሙዙን አጥፋው ስለው ዝንጀሮ ጨመረበት፤ ሊያስበላልኝ መሰለኝ። እንዲህ የሚያመሰግነኝና እንዲህ የማይሰማኝ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

ሐሰት አልናገርም፤ ሐሳቡን ሰጠኝ። ግንዱ ከበሩ መሐል ይነሳል፣ ቅጠሎቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተካፋች፣ ወደ ሁለቱ የበሩ ክንፎች፣ ይዘረጋሉ። በዚህ ሁሉ የሥራ ዘመን እንዲህ ያለ በር አስቤ አላውቅም። ልቤ ወደደው። አልማዝም አየችና «ዝንጀሮው ይቅር፤ ሙዙ ግን ይቆይ፣ ግቢው የጠገበ ይመስላል» አለች።

ደንቡ ሁለቱን ተካፋቾች መሬት ላይ አስተኝቶ ለየብቻ መበየድ ነው፤ መስቀል ከዚያ በኋላ ነው። መብራት ግን ጠፍቶ ከረመ። ባዶዎቹን ተካፋቾች ሰቅዬ ጠበቅሁ። መብራቱ የመጣው ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት እሑድ ጠዋት ነው። እናትና ልጅ ውስጥ ሲያበስሉ እኔ ከውጭ በሩን ዘግቼ፣ መሰላል ላይ ወጥቼ፣ እንሰቱን እዚያው በቆመበት በየድኩት። ቅጠሉን በየድኩ፣ ሙዙን በየድኩ፣ ግንዱን በየድኩ። ጭምብሌን አንስቼ ሳየው ደስታ አስለቀሰኝ።

ሽማግሌዎቹ ከባጃጅ ወረዱ። ቀዳሚያቸው ጋሽ ጅግሶ ጋቢያቸውን አስተካክለው ሰላም አሉኝና ሙዙን አዩ። «እንሰት ነው ወይስ ሙዝ?» አሉ። «ሁለቱም ነው፣ ይግቡ» ብዬ በሩን ገፋሁት። አልነቃነቅ አለ። ግንዱ ሁለቱን ተካፋቾች አንድ አድርጎ ይዟቸዋል። እኔ የልጅቱ አባት ከሽማግሌዎቹ ጋር ደጅ ቀረሁ።

የአጥሩ ግንብ ጫፍ የጠርሙስ ስባሪ ተሰክቶበታል፤ በዚያ አይወጣም። የብረት መቁረጫውን ግራይንደር አስነሳሁ። ግንዱን ገና ጫር ሳደርገው መብራት ሄደ።

ጋሽ ጅግሶ በትዕግሥት ጠበቁ። «እኛ እንኳ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም። ደንባችን መቆም ነው። ግን እንዲህ የተዘጋ በር መልስ ነው እንዴ?» አሉኝ።

«አይ አባቴ፣ መልስ አይደለም፤ ብየዳ ነው» አልኩ።

«ሥዕሉን የሰጠህ ማነው?» አሉ። ስልኩን አሳየኋቸው። «እሱን ጠይቀው እስቲ» አሉኝ። በሩን ፎቶ አንስቼ እንዴት ልክፈተው አልኩት። «እጅግ ውብ በር ነው። እጀታውን ይዘህ በቀስታ ወደ ራስህ ሳብ» አለ። ጋሽ ጅግሶ እጀታውን ይዘው በቀስታ ሳቡ። ከዚያም ሌላኛው ሽማግሌ ሳበ።

«ምን ሆናችኋል? አስገባቸው እንጂ» አለች አልማዝ ከውስጥ።

«ተበይዷል» አልኳት።

ጋሽ ጅግሶ ጉሮሯቸውን ጠርገው በሙዙ ፊት ቆሙ። «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል። ቤት ገብቶ ቀጠሮ የተቀበለ ተስፋ ይዞ ይሄዳል። ከደጅ የተመለሰ ግን ተከልክሏል፤ እኛም ዳግመኛ አንመጣም። ልጁን ምን እንበለው?»

ቀጠሮ ብሰጥ እነሱን ከደጅ መመለሴ ነው። እሺ ብል የአልማዝን ትእዛዝ ማፍረሴ ነው። ያኔ ከበሩ ሥር ባለው ክፍተት፣ ልክ ከጉልበቴ አጠገብ፣ የሜሮን ድምፅ መጣ። ሽማግሌ ፊት ድምፅዋ መሰማት አልነበረበትም። «አባዬ፣ እባክህ» አለች።

«ሰጥቻለሁ» አልኩ።

ከውስጥ እልልታ ተሰማ። የአልማዝ ድምፅ አልነበረም፤ ሙሽራዋ ለራሷ እልል አለች።

መልስ ያገኘ ሽማግሌ መቀመጥ አለበት። መሰላሉን አስደገፍኩ፣ አልማዝ በወዲያኛው በኩል ጠረጴዛ አቀረበች። ጋሽ ጅግሶ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ወጡ። የመሰላሉ እርከን አልቆ እግራቸው ማረፊያ ሲያጣ ሙዙን ረገጡ። ሙዙ ያዘ። አናት ላይ ሆነው ወደ ታች አዩኝና «ብየዳህስ ጥሩ ነው» አሉኝ።

ግንዱን በኋላ ለሁለት ሰነጠቅኩት፤ አሁን ይከፈታል። ሙዙን አልነካሁትም፤ ልጄን ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌ የረገጡት ነው። ደንበኛ ሐሳብ ሲያጣ ስልኬን አውጥቼ አሳየዋለሁ፤ ብዙ ጊዜም ይረዳል። ሐሳብ ከየትም ይምጣ። በር ግን ተከፍቶ ነው የሚበየደው።